ስኳርና ስካር

የካቲት 19፣ 2016
ዛሬም ሥራ የለም። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሁለት ክፍት ቦታ... ሾፌርና ጥበቃ። የምግብ ምህንድስና ተመራቂ የሚፈልግ የለም። ግድ የለም። ቢኒያም፣ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የላከልኝ ካካዎና ማልቲቶል ደረሰ። ማልቲቶሉ ነጭ ዱቄት ነው። እንደ ስኳር ይጣፍጣል፣ የስኳር ሕመምተኛን ግን እንደ ስኳር አይጎዳም። አጎቴ አባስ አይቶ «የያዮ ማር እያለ ዱቄት ከአዲስ አበባ?» አለ። ማርም ስኳር ነው ስለው ሳቀብኝ።

በእማዬ ማዕድ ቤት የሠራሁት ሦስተኛው ቸኮሌት ተሰነጣጠቀ። ጣዕሙ ግን... ፍቅረኛዬን ጀናትን አቀመስኳት። ዓይኗን ጨፍና በላች። «ሰፍዋን፣ ይህን አባዬ ቢያገኘው» አለች።

የካቲት 28
ከጀናት ጋር ተስማማን። ከዒድ በኋላ አጎቴ ሽማግሌ ይዞ ይሄዳል። አባቷ ጋሼ መህዲ ግን «ያ ሥራ ፈት» ነው የሚሉኝ። ጨርቅ መሸጫቸው በር ላይ ሰላም ስላቸው እንኳ ዓይናቸው ከሜትሩ አይነሳም።

ስኳር አለባቸው። ሐኪሙ ኪኒናቸውን አስተካክሎ መጾም ፈቅዶላቸዋል፣ ተምር ግን ከአንድ እንዳይበልጥ። ጣፋጭ እንደሳቸው የሚወድ ሰው የለም። በየረመዷኑ ሌላው ሲያፈጥር ሳህኑን እያዩ ይቀመጣሉ አለች ጀናት።

በቸኮሌት ልግባ? ለምን አልገባም?

መጋቢት 4
ገባሁ! ጀናት ሲያፈጥሩ ሰፍዋን የሠራው ነው ብላ አቀረበችላቸው። አንዷን በሉ፣ ሁለተኛዋን አነሱ። ከዚያ «ይህን ልጅ ሥራ ፈት ያለው ማነው?» አሉ፣ ያሉኝ ራሳቸው ሆነው! እሷ ስትነግረኝ እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

መጋቢት 8
ጠሩኝ። ኢልማ ኮ አሉኝ... ልጄ! ወንበር ሳቡልኝ። ምን አለበት ብለው ጠየቁኝ። «ስኳር የለበትም ጋሼ» አልኩ። ሌላ ሙሉ ሳጥን ሰጠኋቸው።

በቀን ስንት እንደሚበሉ ልነግራቸው ነበር። ፊታቸው በርቶ ሳይ ተውኩት። ሁለት ፍሬ ቢጨምሩ ምን ይሆናሉ?

መጋቢት 11
ከበዛ ሆድ ያላላል። የማልቲቶልን ጠባይ አውቅ ነበር እኮ።

ትናንት ተራዊህ፣ የረመዷን የሌሊት ሶላት ላይ፣ ጋሼ መህዲ ከፊተኛው ረድፍ ሰጋጁን ሰንጥቀው ወጡ። በአጠገቤ ሲያልፉ ሆዳቸውን ይዘዋል። ጫማ እንኳ አላደረጉም። የሳጥኑን ግማሽ ጨርሰውት ነበር። ነገ ሄጄ አስረዳቸዋለሁ። ሲገባቸው ይስቃሉ።

መጋቢት 12
አልሳቁም።

ምን ነካኝ? ሱቁ በሰው ሞልቷል፣ አጎቴም አለ። ሆዴን ያወከኝ ምንድነው አሉ። እኔ ደግሞ አስተማሪ ፊት እንደቆመ ተማሪ... «ማልቲቶል ነው ጋሼ፣ ከስኳር አልኮሎች ወገን ነው።»

ሜትሩ እጃቸው ላይ ቀረ። የኬሚስትሪ ስም ነው፣ አያሰክርም፣ መጠጥ አይደለም እያልኩ ቀጠልኩ። በቀጠልኩ ቁጥር ባሰ። አንድ ደንበኛቸው ከጥግ «መህዲ፣ ለካ ሞቅ ብሎህ ነው የሮጥከው» አለ። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ።

ጋሼ መህዲ ጨርቁን ቀስ ብለው አጠፉ።

«ከስኳር አወጣሃለሁ ብለህ ስካር አበላኸኝ። በረመዷን።»

መጋቢት 15
ሸይኹን ጠየቅኩ። የማያሰክር ነገር በስሙ ብቻ አይከለከልም አሉ። ራሳቸው ሄደው ነገሯቸው። ጋሼ መህዲም ተቀብለዋል። አልሐምዱሊላህ... አለቀ ማለት ነው። አይደል?

ሚያዝያ 8
አላለቀም። ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አጎቴ ጃኬቱን ሳያወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጋሼ መህዲ እምቢ ያሉት በሀራሙ ነገር አይደለም አለኝ፣ እሱን ትተውታል። እንዲህ ነው ያሉት፦

«ምን አለበት አልኩት፣ የሌለበትን ነገረኝ። ልጄን የምሰጠው ያለበትን ለሚነግረኝ ነው።»

አጎቴ ተነስቶ ወጣ።

ሚያዝያ 9
ዱቄቱን ልደፋው አነሳሁት። አልደፋሁትም።

ግንቦት 21
ጀናትን በሶር ወንዝ መንገድ አገኘኋት። እንጥፋ አልኳት። ጅማ፣ አዲስ አበባ፣ የትም። ብዙ አወራሁ... መቼም ማውራት አላጣም።

«አባዬ በሰው ፊት አንዴ ሮጧል» አለች። «እኔ ደግሞ ሮጬ ላዋርደው?»

በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ጀርባዋን እስከ መታጠፊያው አየሁት። አልዞረችም።

ነሐሴ 3
መድኃኒት ቤቱ ቸኮሌቴን ወሰደ። ሳጥኑ ላይ ያለበትን ሁሉ በትልቁ ጻፍኩ፣ «ስኳር የሌለው» የሚለውን ከሥር በትንሹ። ይሸጣል። ለማን ልንገር?

ጥቅምት 30፣ 2017
ጀናት ለአንድ የበደሌ ነጋዴ ታጨች። የነገረኝ ጓደኛዬ ቀኖ ነው፣ ባጃጁን አቁሞ። ሁልጊዜ «ስካሬ» እያለ ነበር የሚጠራኝ። ዛሬ በስሜ ጠራኝ። እውነት መሆኑን በዚያ አወቅኩ።

ጥር 15
በር ተንኳኳ። ጋሼ መህዲ፣ ብቻቸውን። ግቡ ብላቸው እዚያው ቆሙ። ከስተዋል።

ሰርጉ እሑድ ነው። ሰው ሁሉ ጣፋጭ ሲበላ የሰው አፍ ሳይ ልዋል እንዴ አሉ፣ ሊቀልዱ እየሞከሩ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ።

«ያቺ ቸኮሌት አለች?»

አለች አልኩ።

«ምን አለባት?»

ካካዎ፣ የካካዎ ቅቤ፣ የተፈጨ የያዮ ቡና፣ ማልቲቶል። ማልቲቶል ከስኳር አልኮሎች ወገን ነው አልኩ፣ አያሰክርም። ስኳር ግን ጨርሶ አያነሳም አልልዎትም፣ ትንሽ ያነሳል። ከበዛ ሆድ ያላላል። በቀን ከሁለት ፍሬ አይብለጥ።

እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ያኔ እንዲህ ብትለኝ ኖሮ፣ ኢልማ ኮ...»

አልጨረሱትም። ሁለት ፍሬ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። አንድ እርምጃ ሄደው ዞሩ።

«ለሷም አንድ ጨምርላት።»

ጨመርኩ። ዓይኗን ጨፍና ነው የምትበላው።