አባትህን ሞተር ላይ ያወጡት መጻሕፍት

ይድረስ ለልጄ፤ እግርህን እንቅፋት አይንካው፣ ዓይንህ ክፉ አይይ። እኛ ደህና ነን። አባትህ ግን ደህና አይደለም፤ ያነባል።

«አባዬ፣ እነዚህን አንብብ» ብለህ የላክህለት፣ በሞተር ሳይክል አገር ላገር ስለዞሩ ሰዎች የሚያወሩት መጻሕፍት ቤቴን አፈረሱት። (እህትህ ነኝ፤ እማዬ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ቤቱ አልፈረሰም።)

አባትህ ጎረቤት የጣለውን አሮጌ ሞተር አምጥቶ፣ የሶፋውን ቆዳ ቀዶ ሻንጣ ሰፋለት። ጥፋቱ ልብስ ሰፊ ያገባሁት የእኔ ነው! «አንቺ ሴት፣ ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ሰውየው በሰባ ዓመቱ በረሃ አቋርጧል» ይለኛል፤ እሱ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ እንደ አሮጌ በር እየጮኸ። (ሞተሩም እንደዚያው ነው፤ ለዚህ ነው የተግባቡት።)

ሞተሩ አይነሳም ብዬ ችዬው ነበር። ዛሬ ጠዋት ተነሳ። ይባስ ብሎ «ለኋላው ወንበር ትራስ ልሰፋልሽ ነው» ብሎ ሜትሩን ይዞ ዳሌዬን ሊለካ መጣ! (ሳቅ አምልጧታል። አትጻፊው ብላኛለች።)

የላክሃቸው መጻሕፍት ሁሉ መንገድ ላይ ነው የሚያልቁት። እባክህ ልጄ፣ መጨረሻው ላይ ሰውየው ቤቱ የሚገባበት አንድ መጽሐፍ ፈልግልን። ካገኘኸው መጀመሪያ አንተ አንብበው።

የወጣህበት ደጅ መግቢያህ ይሁን።

እናትህ