በር ላይ የቀረው ምርኩዝ

መሐል ሜዳ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1994 ዓ.ም.

«ያለ ድጋፍ ስለሚራመድ የጉዳቱ መጠን አሥር በመቶ ነው።»

ወንድሜ ዶክተር ይሥሐቅ፣ ይህን ከሰላምታ ስላስቀደምሁ ይቅርታ፤ እናንተስ እንደምን ከረማችሁ? በውትድርና ሥልጠና ጉልበቱ ለተሰበረው ልጄ ለምንይሉ የሐኪሞች ቦርድ የጻፈለት ይኸው ነው። አለቆች ፊት ምርኩዝ ይዞ መቆም ነውር ነው ብሎ በር ላይ ትቶት ገባ። በምን እንደመጣ የጠየቀው የለም!

የቦርዱ ጸሐፊ «ጋሼ፣ ራሱ እኮ ነው የተራመደው» አለኝ።

«የተራመደውማ ጨዋ አድርጌ ስላሳደግሁት ነው!» አልሁት።

ገብሱ ደርሷል። ብርዱ ስለጠና ከምንይሉ ጋር አንድ ክፍል እተኛለሁ፤ የቤቱንም ገመድ ሁሉ ከዓይኑ እንዲርቅ ጎረቤት አስቀምጫለሁ።

ይግባኙ ኅዳር 5 ይዘጋል። ክረምት ላይ ጉልበቱን መርምረኸዋል፤ ያየኸውን ፈርመህ ጻፍልኝ። ባለቤትህን ፀደንያን ከነልጆቿ ሳምልኝ። መልስህ በስልክ አይሁን፤ በጽሑፍ፣ እስከ ጥቅምት 28 ይድረሰኝ።

ወንድምህ አባይነህ