ከኦዊቲ ጎን የሰቀልኩት ፎቶ

ለውድ እህቴ ለአዉር፣ ሞምባሳ፤

ሰላምታዬ ከኪሱሙ ከተማ፣ ከሐይቁ ነፋስ ጋር ይድረስሽ። ደህና ነን፤ እማማም ወደ ዓሣ ንግዷ ተመልሳለች።

ከቀብሩ በኋላ የወንድማችንን የኦዊቲን ፎቶ በስልኬ አሳምሬ በዘይት ቀለም የተሣለ አስመስዬ አሳተምኩት። በሕይወት ሳለ እንኳ እንዲህ አያምርም ነበር። እማማ ግድግዳ ላይ ሰቅላ ዳንቴል አለበሰችውና በየጠዋቱ "የኔ ቆንጆ፣ እንዴት አደርክ?" ትለዋለች። እኔን ግን "ዩኒፎርምህን አጠብክ?" ብቻ ነው። ያን ፈገግታ የጨመርኩለት እኮ እኔ ነኝ!

ትናንት የራሴንም እንደዚያው ሠርቼ ከጎኑ ሰቀልኩ። እማማ ከገበያ ገብታ ስታየው ጮኸች።

"አውርደው! እንዲህ የሚሰቀለው የሞተ ነው፤ አንተ አለህልኝ!" ብላ በዓሣ እጇ ጭምቅ አድርጋ አቀፈችኝ።

ዩኒፎርሜ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ ዛሬም አላጠብኩትም።

በይ ሰላም ሁኚልኝ። የእኔን አውርጄዋለሁ፤ የኦዊቲ ፎቶ ግን አሁንም እዚያው ነው።

ወንድምሽ ኦሉኦች