የማሚቴ ጎፈሬ

ይድረስ አሰብ ወደብ ላሉት ለወንድሜ ለጋሼ ሙሉሰው፤ ሙቀቱ እንዴት ይዞዎታል? ከሰፈራችን ከለቡ ከባድ መርዶ አለኝና ቁጭ ብለው ያንብቡት። የእህታችን የማሚቴ ጎፈሬ ከዚህ ዓለም ተለይቷል። ገዳዩም እኔ ነኝ።

ትምህርት ቤት ሲመዘገቡ እጅ በራስ ላይ ዞሮ ጆሮ ካልነካ «አልደረሰችም» ይላሉ። አምና ጎፈሬው አላሳልፍ ብሏት ተመለሰች። ዘንድሮም ከተመለሰች አክስታችን እትዬ ተሾመች ልጅ እንድትይዝላቸው ሊወስዷት፣ ጓዟን አስጠቅልለው ይጠብቁ ነበር። ስለዚህ በምዝገባው ጠዋት መቀስ አነሣሁ።

እማዬ «አንተ ሰይጣን፣ ልጄን ወታደር አስመሰልካት!» ብላ ጮኸች። ጓድ መምህሩ «ጆሮሽን ንኪ» ሲሏት ግን ጨምድዳ ያዘችው፤ «በቃ ልቀቂው» እስኪሏት አለቀቀችም። ተመዘገበች! እትዬም ብቻቸውን ሄዱ፤ እኔም የማበሽቀው ሰው አላጣሁም።

እንግዲህ መርዶ ያልኩት ጸጉር ነው፤ ይበቅላል። ናፍቆታችን ካሉበት ይድረስዎ።

አራተኛ ክፍልን ወድዶ የደጋገመው ወንድምዎ ወጋየሁ