ጠቋሚውን ወስዶ እሳቱን ለተወልን መሥሪያ ቤት

ለክቡር የጨረር ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ዋና ዳይሬክተር
ካሉበት ስብሰባ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ። በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለምትለኝም፣ ያ ስብሰባ በሰላም ተፈጽሞ ለቤትዎና ለቤተሰብዎ እንዲያበቃዎት ሳልጸልይ የዋልኩበት ቀን የለም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ደህና መሆናችንንም ያወቅነው መሥሪያ ቤትዎ ማኅተም መትቶ ስለነገረን ነው።

ሥራ ስለሚበዛብዎ ማን እንደሆንኩ ላስታውስዎ። የሐኪም ቤት መሣሪያዎችን እየጠገንኩ የምተዳደር ሴት ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ግን «ፀሐይ አምጪው» ይለዋል፤ ስሙ የወጣለት ፀሐይ የምትነድበትን መንገድ በጓሮ ክፍላችን ውስጥ በትንሹ ለመሞከር ዓመታት ስለደከመ ነው። ከማይዝግ ብረት የተሠራች፣ ትልቅ ድስት የምታክል ዕቃ አለችው፤ አየሯን በፓምፕ ይመጥጣል፣ ጥቂት ከባድ ሃይድሮጂን ያስገባባታል፣ ከዚያም ከፍተኛ ቮልቴጅ ይለቅባታል። በውስጧ ያሉት ቅንጣቶች ተላትመው ከተዋሃዱ ኒውትሮን የሚባል፣ የማይታይ፣ የማይሸትና ግድግዳ የማይመልሰው ነገር ይወጣል። ኒውትሮን ከወጣ ወንድሜ ተሳካለት ማለት ነው፤ በዝቶ ከወጣ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ የምትተኛው እናታችን ተጎዳች ማለት ነው። የምሥራቹና መርዶው በአንድ በር የሚገቡበት ሥራ ነው እንግዲህ።

ወንድሜን ተው ማለት ወንዝ ተው እንደማለት ስለሆነ፣ እኔ ኒውትሮን በደረሰው ቁጥር «ጠቅ» የሚል ጠቋሚ ሠራሁለት። እሱም «ጠቋሚው ጠረጴዛው ላይ ከሌለ ማብሪያውን አልነካም» ብሎ በእናታችን ፊት ማለ። እናታችን እስከ ዛሬ በሰላም የተኛችው በዚያች መሐላ ነበር። እንግዲህ ይህን ካወቁልኝ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ ሁለቱን መለየት ቢያስቸግርዎ የእኔ የአጻጻፍ ጉድለት ነው።

፩. ጎረቤት ጠቁሞ ተቆጣጣሪዎችዎ ቤታችን ድረስ ስለመጡ፣ ሲገቡም ጫማቸውን ስለጠረጉ ከልብ አመሰግናለሁ። በዚያ ሰዓት ድስቲቱ ጠፍታ ነበር። ጠቋሚው ግን ከሰማይ የሚወርድ ጥቂት ኒውትሮን የትም ቦታ ስለማይጠፋ አልፎ አልፎ «ጠቅ» ይላል፤ «ጠቅ» ባለ ቁጥርም የቡድኑ መሪ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ይጠጋሉ። በመጨረሻም ጨረሩ ያለው ድምፅ በሚያሰማው ዕቃ ውስጥ ነው ብለው ወሰኑና ጠቋሚውን በጆንያ ጠቅልለው ወሰዱት። ስለ ድስቲቱ እናቴን ቢጠይቋት «እኔ እንኳ አብስዬባት አላውቅም ልጄ» አለቻቸው፤ እሳቸውም «የማዕድ ቤት ዕቃ» ብለው መዝግበው አለፉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማ ነበር፤ ዳውላውን አስሮ ወስዶ አህያውን ከነእርግጫው ለባለቤቱ የሚያስረክብ መሥሪያ ቤት ግን ሳይ የእርስዎ የመጀመሪያዬ ነው።

፪. ከዚህ በኋላ «ድምፅ ያሰማ የነበረው ዕቃ ስለተወገደ ክፍሉ ከጨረር ነጻ መሆኑ ተረጋግጧል» የሚል የምስክር ወረቀት ልከውልናል። ወንድሜ በመስታወት አስገብቶ ከድስቲቱ በላይ ሰቅሎታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ በፊት በፊዚክስ ስከራከረው አንዳንዴ እረታው ነበር፣ ዛሬ ግን አፌን ሳልከፍት በጣቱ ወደ ማኅተሙ ያሳየኛል። በመጪው እሑድ ሊያበራት ቆርጧል። መሐላውን ባስታውሰው «መንግሥት ነጻ ካለው ክፍል ውስጥ ምን ይጠቆማል?» ብሎ ዘጋኝ። እናቴ ይህን ሰምታ «እና ከእንግዲህ ይሄ ልጅ የሚፈራው ማንን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ጥያቄውን በአክብሮት ወደ እርስዎ መርቼዋለሁ።

፫. ይህኛው ትንሽ ይረዝማል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተቆጣጣሪዎችዎ ጠቋሚዬን «በሰም የተለወሰ ቆርቆሮ» ብለው ጽፈውታል። ሰሙ የተለወሰበት በስንፍና አይደለም። ኒውትሮን በጣም ስለሚፈጥን በውስጡ ያለው ቱቦ ሊይዘው አይችልም፤ በወፍራም ሰም ውስጥ አልፎ መድከም አለበት። ስለዚህ ሻማ በካርቶን ገዝቼ አቅልጬ እንደ ካፖርት አለበስኩት። ባለሱቋ «ምን ስለት ቢኖርብሽ ነው?» እያለች እስከ ዛሬ በሐዘኔታ ታየኛለች። ከቱቦው የሚመጣው የኤሌክትሪክ ምልክት ደግሞ ከማነሱ የተነሳ ሺህ ጊዜ ካልጎላ አይሰማም፤ ሲጎላም ከጎን የተነሳ የከፍተኛ ቮልቴጅ ብልጭታ ሁሉ አብሮ ገብቶ ኒውትሮን ነኝ እያለ ይዋሻል።

መጀመሪያ ያበራ ዕለት ጠቋሚው እንደ በረዶ ተንጫጫ። ወንድሜ አቀፈኝ፣ የእናታችንን ጉልበት ሳመ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አብሬው ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ግን አንድ ፈተና አለ፦ ሰሙን ያወልቁታል። ሰሙ ሲወልቅ ድምፁ ከተቋረጠ የነበረው እውነተኛ ኒውትሮን ነው፤ ሰም ኖረም አልኖረም መንጫጫቱን ከቀጠለ ግን የኤሌክትሪክ ረብሻ ብቻ ነው። ሰሙን አወለቅኩት። መንጫጫቱን ቀጠለ። የዚያን ሰዓት ፊቱን ባየሁ ጊዜ እጄን ምነው በቆረጠው ብያለሁ፤ ሰነባብቶ ነው ምግብ እንኳ በወጉ የበላው። ከዚያ ወዲህ የአሉሚኒየም ሳጥን አልብሼ፣ የመሬት ሽቦውን ለይቼ፣ ማጉያውን እንደ አዲስ በይጄ እንዳይዋሽ አድርጌዋለሁ፤ ያልተቃጠለ ጣት የለኝም። ወንድሜን እወደዋለሁ ክቡር ዳይሬክተር። ያን ዕለት ደስታውን የነጠቅኩት አንድ ቀን እውነተኛው ሲመጣ በእርግጥ እንዲያውቀው ብዬ እንጂ፣ ጠቋሚው የእርስዎን መደርደሪያ እንዲያሞቅ ብዬ አልነበረም።

፬. ጠቋሚው ማጥፊያ የሌለው በመሆኑ «ሆን ተብሎ የተደረገ ነው» ተብያለሁ። አዎን፣ ሆን ብዬ ነው። የወንድሜን ጣት ስለማውቅ ማጥፊያ አልሠራሁለትም። የሞተር ብስክሌት ባትሪ በሆዱ ስላለ በግምጃ ቤትዎም ጠቅ ጠቅ ማለቱን ይቀጥላል፤ ለመንግሥት ካለው ንቀት የተነሳ አለመሆኑን ላረጋግጥልዎ እወዳለሁ።

፭. አምስተኛውን ላስገባ ስመጣ ዘበኛው «ለአንድ ሰው አራት ይበቃል» ስላሉኝ ትቼዋለሁ።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከእሑድ በፊት ጠቋሚውን ይመልሱልን። እሱ የማይቻል ከሆነ ድስቲቱንም ይውሰዱልን። ሁለቱም ካልተቻለ የቡድኑን መሪ ይላኩልንና እሑድ ከእናቴ አልጋ ጫፍ ተቀምጠው የምስክር ወረቀቱን ያንብቡላት። እስከዚያው እሷ ወንበሯን ማብሪያው ፊት አድርጋ፣ ሹራቧን እየሠራች «ማብራት የፈለገ መጀመሪያ እኔን ያንሳኝ» ብላ ተቀምጣለች። ክፍሉ ሲሚንቶ ነው፤ ጉልበቷን ቁርጥማት ይዟታል፤ እሷም እልኸኛ ናት፤ ወንድሜም የእሷው ልጅ ነው።

ጉዳዬን ሳይሰሙ ላሳዩኝ ትዕግሥት፣ በር ሳይከፍቱ ላደረጉልኝ አቀባበል ውለታዎን የምከፍልበት ቀን እንዲመጣ እየተመኘሁ፣

ከጨረር ነጻ መሆኗ በማኅተም የተረጋገጠላት፣ ለራሷ ግን ገና ያልተረጋገጠላት፣
ደጅ ጠኚዎ፣
የፀሐይ አምጪው እኅት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ለመዝገብ ቤት ላስረክብ ስመጣ የግምጃ ቤት ጠባቂዎ መንገድ ላይ ይዘው «እባክሽ እናቴ፣ የዚያን ዕቃሽን ነገር ተመልከቺልኝ» አሉኝ። ጠቋሚው ግምጃ ቤት ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ሲንጫጫ ሰንብቶ ሬዲዮናቸውን እንኳ መስማት አልቻሉም ነበር። በመጨረሻ ሰሙ መደርደሪያውን አቆሸሸ ብለው ሲያወልቁት ግን፣ ተመስገን፣ ጸጥ አለ፤ ለበላይም «ችግሩ ተፈትቷል» ብለው ሪፖርት አድርገዋል። እኔ ሰሙን መልሼ አለበስኩት፤ ተንጫጫ። አወለቅኩት፤ ጸጥ አለ። ደግሜ ሞከርኩት፤ እንደዚያው ሆነ። ከጎኑ ከመንገድ ሠሪዎች የተወረሰ፣ የአፈር እርጥበት የሚለካ ቢጫ ሣጥን አለ፤ ያ ሣጥን የሚለካው በኒውትሮን ነው፣ መከለያውም ተሰንጥቋል። ጠባቂው የሻይ ፔርሙዛቸውን የሚያስቀምጡት እሱ ላይ ነበር፤ ስነግራቸው ፔርሙዛቸውንም ራሳቸውንም ወዲያው አወጡ። ሣጥኑ የተደገፈበት ግድግዳ ማዶ የእርስዎ ወንበር ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ። ለጸሐፊዎ ሮጬ ብነግራት «ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሰኞ ተመለሺ» አለችኝ፤ ስብሰባው በዚያው ክፍል ከሆነ እባክዎን ያሳጥሩት። ጠቋሚውን ለጊዜው ከእኛ ይልቅ እርስዎን ስለሚያስፈልግዎ ሰሙን አልብሼ እዚያው ትቼልዎታለሁ።

ይህን ለወንድሜ ነገርኩት። ወዲያው ተነስቶ የምስክር ወረቀቱን በገዛ እጁ ከግድግዳው አወረደና እናታችንን ደግፎ ወደ ክፍሏ ወሰዳት። ያ ጠቋሚ በዕድሜው የቆጠረው የመጀመሪያው እውነተኛ የኒውትሮን ውርጅብኝ ከእሱ ድስት ሳይሆን ከእርስዎ መሥሪያ ቤት ስለተገኘ እንኳን ደስ አለዎት እንድልዎት አደራ ብሎኛል። እውነቱን ለመናገር ቀንቶብዎታል።