ስለ ቮልሷ ፍሬንና ስለ ፈጠነች

ሶዶ፣ ኅዳር 2001 ዓ.ም.

ውድ አገርነሽ፣

«እንደምን ሰነበትሽ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። አንቺ ባለሽበት ሕመምም ድካምም የለም ይሉናል፣ እኔም አምናለሁ። ስለዚህ የእኔን ልንገርሽ። ጤናዬ ደህና ነው፤ ብርድ ሲሆን ብቻ ጉልበቴን ያመኛል። ግራ የገባው ጭንቅላቴ ነው።

ሳላድበሰብስ ልናገረው። አንዲት ሴት አለች። ፈጠነች ትባላለች፣ ገበያ ውስጥ እህል ትሸጣለች፣ ባሏ ከሞተባት ቆይቷል። ላግባት ወይስ ይቅር እያልኩ ወራት አለፉ። ልጃችን ትሕትና ሐዋሳ ስለሆነች ስልክ ደውዬ ጠየቅኳት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስል፣ «እኔን ምን ትጠይቀኛለህ አባዬ? እማዬን ጠይቃት» አለችና ዘጋችው። ተቆጥታ ይሁን ፈቅዳልኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ይኸው ከቅዳሴ መልስ ልጠይቅሽ ተቀምጫለሁ፤ ትናንት በዴሳ ከተማ የሆነው ነገር ጥያቄዬን ቀድሞት ቢሄድም።

ነገሩ የጀመረው በፍሬን ነው። ክረምት ላይ ከኦቶና ሰፈር ወደ ገበያ ስመጣ ቮልሷ ጎርፍ ውስጥ ገባች። ታውቂያታለሽ፣ ፍሬኗ የፊቱም የኋላውም ታምቡር ነው፤ ውስጡ ውሃ ከገባ ሸራው ይንሸራተታል። እህል ተራው ጋ ስደርስ ፔዳሉን ረገጥኩ፣ አልያዘም። ደግሜ ረገጥኩ። «እመብርሃን» ብዬ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። ቀስ እያለች ሄዳ አንድ የበቆሎ ጆንያ ክምር ላይ አፍንጫዋን ቀብራ ቆመች። ሰው አልነካሁም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከጆንያዎቹ ጀርባ አንዲት ሴት ብቅ አለች። ስድቡን ስጠብቅ፣ «ጋሼ፣ በቆሎ ለመግዛት ከሆነ ከነመኪና አይገባም» አለችኝ። እህል ተራው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ድምፅ አውጥቼ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ መሆኑ የታወቀኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ደነገጥኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ታምቡሩን ማመን አቃተኝ። የፊቱን በዲስክ ልለውጠው ብዬ ተነሳሁ። ዲስክ ውሃ ቢነካውም ቶሎ ይደርቃል። ግን ለቮልስ የተሠራ ዲስክ ሶዶ ላይ ከየት ይመጣል? የድሮው የመሥሪያ ቤታችን መካኒክ ዳልጮ አሁን የራሱን ጋራዥ ከፍቷል፤ እሱ ጋ ሄድኩ። ጓሮው ካለው የብረት ክምር ውስጥ ዲስኩን ከአንድ አሮጌ ታክሲ ፈታን። ዲስኩን ከሁለት ወገን ጨምቆ የሚይዘውን ካሊፐር ደግሞ ከተጣለ ፒክአፕ ወሰድን። ሸራው ከየትኛው መኪና እንደመጣ ዳልጮም አያውቅም። ማጋጠሚያውን ቶርኖ ቤት ወስደን አስቀረጽን።

«ለዚህ መኪና ቀበሌ መታወቂያ ቢያወጣለት» አለኝ ዳልጮ፣ «ብሔሩን ምን ብሎ ይሞላል?»

መግጠሙን በግቢያችን እኔው ሠራሁት። ዳልጮ ሥራ በዝቶበት ነበር። እውነቱን ለመናገር ደግሞ እንዲያዝዘኝ አልፈለግኩም።

ዘይቱ ከተሞላ በኋላ አየር ማውጣት እንዳለ ለአንቺ አላስረዳም። ስንት ጊዜ አብረን ሠርተነዋል! አንቺ መሪው ጋ ተቀምጠሽ ትረግጫለሽ፣ እኔ ከጎማው ሥር ተኝቼ የአየር ማስወጫዋን ቡሎን እከፍታለሁ። «ያዝሽ?» ስልሽ «ያዝኩ!» ትይኛለሽ። ጫማሽን አውልቀሽ ነበር የምትረግጪው፤ «በጫማ አይሰማኝም» ትዪ ነበር። አሁን ማን ይርገጥልኝ? ፔዳሉን በእንጨት ደግፌ ስታገል ፈጠነች የግቢውን በር ገፍታ ገባች። ከኀፍረቴ የተነሳ ያን የተደፋ በቆሎ ገዝቻት ነበርና በጋሪ አስጭና ማምጣቷ ነው። መሬት ላይ ተዘርሬ አየችኝ።

«ምን ልርዳህ?»

አስረዳኋትና ገብታ ተቀመጠች።

«ወይዘሮ ፈጠነች፣ ይርገጡ» አልኳት ከሥር ሆኜ።

«ረገጥኩ።»

«እንዳይለቁ... አሁን ይልቀቁ። ቀስ ብለው ደግመው ይርገጡ።»

«ኧረ በእመቤቴ! ጳጳስ ነኝ እንዴ? ጫማዬ ውስጥ የጤፍ ገለባ ያለ ሰው ነኝ። ርገጪ በለኝ።»

«ርገጪ» አልኳት።

ዘይቱ ጠርቶ ወረደ፣ ፔዳሉ ግን እንደ ሊጥ ሆነ። ረግጠሽው ወለሉ ድረስ ይወርዳል። በሚቀጥለው ሐሙስ፣ ገበያዋን ከዘጋች በኋላ መጣች። ያን ዕለትም አልሆነ። በሌላው ሐሙስም መጣች። እኔ ከሥር እጠይቃለሁ፣ እሷ ከላይ ትመልሳለች። ስለ በቆሎ ዋጋ እናወራለን፣ ስለ ባሏ ነገረችኝ፣ ስለ አንቺ ጠየቀችኝ። ረቡዕ ሲመሽ ግቢውን ስጠርግ ራሴን አገኘዋለሁ። ለፍሬኑ ነው እላለሁ። አገርነሽ፣ ለፍሬን ግቢ ይጠረጋል?

አንድ ሐሙስ ፔዳሉን እንደያዘች፣ «ጋሽ ቢያድግልኝ፣ ሰፈሩ ፍሬን ነው ብሎ አላመነም» አለችኝ። «በዴሳ የሚኖር፣ ጦና የሚባል ታላቅ ወንድም አለኝ። ወይ ሄደህ አነጋግረው፣ ወይ እግሬን ከፔዳልህ ላይ ላንሳ።»

«ፍሬኑ ይስተካከል፤ በቮልሷ ራሴ እወስድሻለሁ» አልኳት።

ነገር ያቆየሁ መስሎኝ ነበር። የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። «ተክሊሉ አንድ ጊዜ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «የቤተ ክርስቲያን ጸሎት ግን የትዳር ጓደኛው ለሞተበት አልተከለከለም። አሁን የምትጠይቀኝ ሕጉን ነው ወይስ ልብህን? ልብህን ከሆነ እኔ ጋ የለም።» ይብስ ግራ ተጋብቼ ወጣሁ።

ባለፈው ሐሙስ ዳልጮ ብቅ አለ። እኛ እንደልማዳችን ርገጪ፣ ልቀቂ ላይ ነን። ጎንበስ አለ፣ ጎማው ሥር አየ፣ ወደ ሌላኛው ጎማ ዞሮ አየ፣ ከዚያ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

«አንተ ቢያድግልኝ! አየር ማስወጫውን ወደ መሬት አዙረህ ነው እኮ ያሰርከው! አየር ሽቅብ ነው የሚሄደው። እስከ ፋሲካ ብትረግጡ ይሄ አይወጣም!»

እውነቱን ነው። የፍሬኑ ቱቦ አጭር ሆኖብኝ እንዲደርስልኝ ብዬ የቀኙን ካሊፐር በግራ፣ የግራውን በቀኝ አስሬዋለሁ። በዚህ የተነሳ ከላይ መሆን የነበረባት ማስወጫ ከታች ሆነች። ዘይቱ ሲወርድ አየሩ እላይ ተቀምጦ ያየናል። ይሄን ማንም ጀማሪ ያውቃል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መኪና ስፈታ የኖርኩ ሹፌር ነኝ።

ፈጠነች ከመኪናው ሳትወርድ አንገቷን በመስኮት አወጣች።

«አውቀህ ነው?»

አገርነሽ፣ አውቄ ነው እንዴ? በዴሳ መሄድ ፈርቼ ነው? ሐሙስ እንዳይቀርብኝ ፈልጌ ነው? ወይስ እንዲያው እርጅና ነው? ሦስቱንም ውስጤ ፈለግኳቸው፣ የትኛውም እኔ ነኝ አላለኝም።

«እኔ እንጃ» አልኳት።

ወረደች፤ ቀሚሷን አራገፈች። «ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ። አንተ መኪናህን ሥራ» ብላ በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

«ሴትዮው ተናደደ» አለ ዳልጮ፣ ሴትና ወንድ በማይለየው አማርኛው። «ምን አረግከው?»

ዓርብ ሁለቱንም ካሊፐር ፈትቼ ወደየቦታቸው መለስኳቸው። ማስወጫዎቹ ወደ ላይ ዞሩ፤ ቱቦው ግን አልደርስ አለ። ረዘም ያለ ቱቦ ሶዶ ውስጥ ጠፋ፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠበቅ ተባለ። ቮልሷ ጎማዋ ወልቆ ድንጋይ ላይ ቀረች። ይሄን ስሰማ ደስ አለኝ። እንግዲህ የማልሄድበት ምክንያት አገኘሁ ማለት ነው። ከዚያ ደስ ማለቴን ሳየው ከራሴ ጋር መቀመጥ አስጠላኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ውዳሴ ማርያም ልደግም ቆምኩ። አፌ ያነባል፣ ልቤ ድንጋይ ላይ ያለችውን መኪና ያያል። መሐል ላይ አቋርጬ፣ ይቅር ትበለኝ፣ ጋቢዬን ደረብኩና መናኸሪያ ወረድኩ። ምን ልል እንደምሄድ አላውቅም ነበር። የበዴሳው ሚኒባስ ውስጥ የጎኔ ሰውዬ «ለለቅሶ ነው ለሠርግ?» ብሎ ጠየቀኝ። ፊቴ ሁለቱንም ሳይመስል አልቀረም። «እዚያው ስደርስ አያለሁ» አልኩት።

የጦናን ቤት ለማግኘት አልተቸገርኩም። በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ግንባሩ ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም ሰው ነው። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ቮልስህስ? በመኪና ይመጣል ብላን ነበር።»

«ፍሬኗ አልተሠራም።»

«ታዲያ ምን እግር ጣለህ?»

«እህትህን አስቀይሜያት ነው።»

«እሱንማ ሰምተናል። ከመጣች ጀምሮ ሌላ ወሬ የለም። ግባ።»

የቦዬ ሥር ተቀቅሎ ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር ቀረበ። ፈጠነች የጓዳው በር ላይ ቆማለች፣ አታየኝም። እጄን ልዘረጋ ስል ጦና ተነሳ። የቤቱ ሰው ሁሉ አብሮ ተነሳ።

«በእኛ ቤት ስለሚመጣው ከማውራታችን በፊት ያለፈውን እናስባለን» አለኝ። «ያረፈችው ባለቤትህ ክርስትና ስሟ ማን ነው? አባታችን ሆይ እንበልላት።»

አፌን ከፈትኩ። አገርነሽ፣ ስምሽን መጥራት አቃተኝ። ቄስ ፊት ካልሆነ ለሰው ጠርቼው አላውቅም፤ ስንት ሐሙስ ስናወራ ለእሷም አልነገርኳትም። ሰዉ ይጠብቃል፣ እኔ እታገላለሁ።

«ወለተ ሥላሴ» አለች ፈጠነች ከጓዳው በር።

ዞርኩ። «ማን ነገረሽ?»

«የንስሐ አባትህን ጠይቄያቸው ነው፣ ክረምት ላይ፣ መጀመሪያ ግቢህ የገባሁ ሰሞን።» አሁንም አታየኝም። «ሰው ቤት የሚገባ ሰው የእመቤቷን ስም ሳይጠይቅ ይገባል?»

ጦና ጀመረ፣ ሁሉም ተከተለ። በአማርኛ የሚሉ አሉ፣ በወላይትኛ የሚሉ አሉ፤ እኔ በየትኛው እንዳልኩ አላውቅም። ብቻ የማያውቁሽ ሰዎች በማታውቂው ቤት ቆመው ስምሽን አነሱ። ሲያበቃ ቁጭ አልኩና፣ ቦዬው እየበረደ፣ ጦናን እህትህን ስጠኝ አልኩት። በዚያ ሰዓት ግራ አልገባኝም ነበር። አሁን ለብቻዬ ሆኜ ስጽፍልሽ ግን ተመልሶ መጣ።

ጋብቻው ከጥምቀት በኋላ በቤተ ክርስቲያን ጸሎት ይሆናል ተብሏል። ለትሕትና ዛሬ እደውልላታለሁ። የሙት ዓመትሽ ዕለት እንደወትሮው መቃብርሽ ላይ እቆማለሁ፤ ፈጠነች አብሬህ ልምጣ ብላለች፣ እንዳላስቀራት ቃል ገብቼላታለሁ። ነፍስሽን በአጸደ ገነት ያኑርልኝ። ከዚህ በታች «ያንቺው» ብዬ መፈረም ከእንግዲህ ይገባኝ አይገባኝ አላውቅም። ብዙ አሰብኩበት። ሌላ ቃል አጣሁ፤ ጻፍኩት።

ያንቺው
ቢያድግልኝ