ዐሥር ኮምፒውተሮችና አንዲት የአራት ዓመት ጥፋተኛ

ለተከበሩ የመዋዕለ ሕፃናቱ ርእሰ መምህርት፤

...ከዚያም የኮምፒውተር ሽፋኑን ጨርቅ ጫፍ በሁለት ጣትዎ ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉና «አቧራ እንኳ እንዳይገባ» አሉኝ፤ እኔም ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ «አይገባም» ብዬ ቃል ገባሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከመሃል ጀመርኩ። ሰላምታ ይቅደም፦ እርስዎም፣ መምህራኑም፣ በተለይም ዐሥሩ ኮምፒውተሮች እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ ደኅና ነን። የአራት ዓመቷ ልጄ ብቻ በካርዷ ላይ «ኮምፒውተር፦ ብቁ አይደለችም» ተብላ፣ ጓደኞቿ ወደ ላይኛው ክፍል ሲያልፉ እሷ ታችኛውን እንድትደግም ተወስኖባታል። ውሳኔው ሰኞ ስለሚጸና፣ እንደገና እንዲያዩልኝ ይህን ጻፍኩ፤ ቅጂውንም ወላጆች በሚያነቡት ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩ።

አንደኛ፤ ስለ ዘመናዊነትዎ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ሕፃናቱ አሸዋ የሚዝቁበትን፣ ውኃ ከጣሳ ወደ ጣሳ የሚገለብጡበትን ክፍል አስለቅቀው ኮምፒውተር ሲያስገቡበት፣ ከወላጆች ሁሉ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። እኔ ከስልኬ የማውቀው አረንጓዴውንና ቀዩን ቁልፍ ብቻ ስለሆነ፣ ልጄ ከኔ አልፋ እንድትሄድ እመኛለሁ። ሽፋን እንድሰፋ ሲያዙኝም አልሰነፍኩም፤ ወፍራም ሰማያዊ ጨርቅ፣ ድርብ ስፌት፣ በየማዕዘኑ ማሰሪያ። የልጅ እጅ እንዳይፈታው አደራ ስላሉኝ፣ እኛ ልብስ ሰፊዎች ጣቃ ስናስር የምንቋጥረውን ቋጠሮ ቋጠርኩት።

ሁለተኛ፤ የማስተማር ዘዴዎ ገርሞኛል። ልጆቹ ዓርብ ዓርብ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይገባሉ። መምህርቷ በዘንግ ወደ ተሸፈነው ነገር እያመለከተች ይህ ምንድን ነው ስትል በአንድ ድምፅ «ስክሪን» ይላሉ፤ ይህስ ስትል «ማውስ» ይላሉ። ሽፋኑ ሳይገለጥ ዓመቱ አለቀ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው በአዋቂዎች ብቻ የሚደርስ ይመስለኝ ነበር። ልጄ ኮምፒውተር ሥዪ ስትባል አራት ቋጠሮ ያለው ሰማያዊ ጉብታ ሥላ ከዐሥር ዐሥር አገኘች። ሥዕሉን ሱቄ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ደንበኞቼ ትራስ ነው ይላሉ።

ሦስተኛውን ጽፌ ሰረዝኩት።

አራተኛ፤ ስለ ወንጀሉ። ባለፈው ዓርብ መምህርቷ ጠመኔ ልታመጣ ወጣ ስትል፣ ልጄ የአንዱን ኮምፒውተር አራቱንም ቋጠሮ ፈታች። የእጄን አገኘሁ ማለት ይህ ነው፤ ከስፌት መኪናዬ ሥር ያደገች ልጅ ናት፣ ያንን ቋጠሮ ከጫማ ማሰሪያዋ በፊት ነው የለመደችው። ቀጥላም ማብሪያውን ተጫነች። እንደ ነገረችኝ ከሆነ ኮምፒውተሩ «መጀመሪያ ተኛ፣ ከዚያ ነቃ»። አንዱ ጓደኛዋ «ዐይኑን ገለጠ» አለ፤ ሌላዋ ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት በማውሱ ስትሄድ አይታ «አንቺ፣ ወደኔም አምጫት እንጂ» አለቻት። መምህርቷ ስትመለስ ሃያ ሕፃናት ማንም ሳያዛቸው ተራ ይዘው ተሰልፈው ነበር። በዚያ ክፍል ኮምፒውተር የተማሩበት ቀን ቢኖር ጠመኔው የዘገየበት ያ ቀን ነው፤ ጠመኔውን አመሰግናለሁ። ካርዷ ላይ የሰፈረው ምክንያት ግን «የትምህርት ቤቱን ንብረት ገልጣለች» የሚል ነው።

አምስተኛ፤ ይህ ቅሬታ አይደለም፤ ምን እንደምለው አላውቅም። ከዚያ ዓርብ ወዲህ ልጄ ሱቄ የምትገባው እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ነው። ድሮ የአዝራሩን ሳጥን ዘርግፋ ቀዩን ከቀይ፣ ባለ ሁለት ቀዳዳውን ከባለ ሁለት ቀዳዳ ታስቀምጥልኝ ነበር። አሁን ሳጥኑ ፊት ትቆምና «አባዬ፣ ይነካል?» ትለኛለች። ይነካል እላታለሁ። ጥቂት ታስብና «ካርድ ላይ አይጻፍም?» ትላለች። አንድ ቀን ይህን ስትጠይቀኝ መቀሱ ጨርቁ መሃል ላይ... ይተዉት፤ ኮቱ የሌላ ሰው ነበር፣ አስተካክዬዋለሁ።

እንግዲህ በትሕትና የምለምነው ልጄ ከጓደኞቿ ጋር እንድታልፍ ነው። ጥፋተኛ የግድ ካስፈለገ ቋጠሮውን ያስተማርኳት እኔ አለሁና፣ ታችኛውን ክፍል እኔን ያስደግሙኝ። ወንበሩ ትንሽ ቢሆንም ጎብጦ መቀመጥ ሙያዬ ነው፤ እጄን ወደ ኋላ ማጣመሩ ብቻ ጊዜ ይወስድብኛል።

ለኮምፒውተሮቹ ረጅም እንቅልፍ፣ ለእርስዎም የማይነካ ጤና እየተመኘሁ፣

ሽፋኖቹ እንደ ልብስ ቢጠብቡም ቢሰፉም ለማስተካከል ሁልጊዜ የተዘጋጀሁ፣

ታዛዥዎ፣ የጥፋተኛዋ አባት፣ ልብስ ሰፊው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ሁለተኛው ቅጂ ነው። የመጀመሪያው ሰሌዳው ላይ መጋረጃ ተደርጎበት አገኘሁት፤ ጠርዙ አልተቀመቀመም፣ በሳምንት ይተረተራል፤ ቢያዙኝ ኖሮ አላሳፍርዎትም ነበር። ዛሬ ሰኞ ነው። ልጄን ይዣት መጣሁ፤ ስለ ውሳኔው የነገረኝ ሰው የለም። መምህርቷ ተቀብላኝ እጇን ያዘቻት። ታችኛውና ላይኛው ክፍል ከኮሪደሩ መታጠፊያ ወዲያ ፊት ለፊት ናቸው። ልጄ ዞር ብላ «ሂድ እንጂ አባዬ፣ ሰው ይጠብቅሃል» አለችኝና ታጠፉ። አልሄድኩም። ከሁለቱ የአንዱ በር ሲዘጋ ሰማሁ።